ሁለት የጦር መርከቦችና አንዲት ሳምቡክ

አንድ ሰው ነበር፤ ሥራው ማወዳደር ነው። ሌላው ሰው ባሕር ሲያይ ውኃ ያያል፤ እሱ መርከብ ይፈልጋል። መርከብ ሲያገኝ ደግሞ መድፉን ያያል። «የዚህኛው መድፍ ከእኛ አርቆ ይመታል። ያኛው ሚሳይል ጭኗል፤ ግን ከባድ ነው፣ በፍጥነት እናመልጠዋለን።» እንዲህ ሲል ይውላል።

ነገሩ የሆነው አገራችን ወደብ በነበራት ዘመን ነው። ሰውየው ከምፅዋ እየተነሣች ባሕሩን በምትጠብቅ አንዲት ትንሽ የጦር መርከብ ላይ መኮንን ነበር፤ ሌተና ልሳነወርቅ ይሉታል። የጎረቤት አገሮችን የጦር መርከቦች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ገና ከሩቅ ምሰሶዋን ሲያይ፣ «ይቺ እንዲህ ያለች ናት፤ ይህን ያህል መድፍ አላት፤ እዚህ ድረስ ትመታለች» ይላል። አይሳሳትም። ልብ በሉልኝ ምእመናን፣ አይሳሳትም ነው የምላችሁ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ዓይኑ ሥራውን ወደብ ላይ ጥሎ መምጣት አልቻለም። ቤቱም ገብቶ ይለካል። ጎረቤቱ አጥሩን ከፍ ሲያደርግ፣ «ምን ሊደብቅ ነው?» ይላል። ዝቅ ቢያደርግም፣ «ምን ሊያይ ነው?» ይላል። ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አጥር እኮ ነው!» ስትለው መልሱ አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እውነት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አባቶቻችን ብለውታል። እሺ፣ የጠረጠረስ? የጠረጠረስ ምን ሆነ? ይህን ማን ጠይቆ ያውቃል?

አንድ ቀን ጠዋት ባሕር ላይ ሳሉ ከሩቅ አንዲት ትልቅ የጦር መርከብ ታየች። የጎረቤት አገር ናት። የትኛው አገር እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ወዲያው ወገን ትለያላችሁ። በዚያ ሰሞን ከዚያች አገር ጋር ነገራችን ተበላሽቶ ነበር፤ ያን ብቻ ያዙልኝ።

ልሳነወርቅ መነጽሩን አነሣ። «ትልቅ ናት፣ ጌታዬ» አለ ለመርከቡ አዛዥ ለኮማንደር ኃይለልዑል። «ሁለት መድፍ አላት፤ በጎንና በጎኗ ሚሳይል። የእኛ መድፍ ሳይደርስባት የእሷ ይደርስብናል። እኛ አንዴ ስንተኩስ እሷ ትጨርሰናለች።»

«ይህን ያህል የምትበልጠን ከሆነ ለምን ቆመች?» አለ አዛዡ።

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

እውነትም ቆማለች። አትመጣም፤ አትሄድም። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንዲት ሳምቡክ አለች፤ ነጋዴዎች ፍየልና በግ ጭነው ባሕሩን የሚሻገሩባት የእንጨት መርከብ። ላይዋ ላይ ሰዎች ነጭ ጨርቅ ያውለበልባሉ።

«ሰዎቹ እየጠሩን ነው» አለ አዛዡ።

«ልክ ነው፣ ይጠሩናል። እንድንቀርብ ነዋ! ጌታዬ፣ ባሕሩ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ይቺ ሳምቡክ ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ እኛና እነሱ መካከል ምን ትሠራለች? ማጥመጃ ናት። ወደ እሷ ስንጠጋ ወደ መድፋቸው ገባን ማለት ነው።»

ነገሩ ያስኬዳል። የጥርጣሬ ክፋቱ ይህ ነው ምእመናን፤ ሁልጊዜ ያስኬዳል።

መድፉን ሸራውን ገፈው አዘጋጁ፤ ለጥንቃቄ ነው። ወዲያው እዚያ ማዶም የመድፍ ሸራ ተገፈፈ። «አላልኩም?» አለ ልሳነወርቅ። የእኛ ሰዎች አፈሙዛቸውን ወደ እነሱ አዞሩ። እነሱም አፈሙዛቸውን ወደ እኛ አዞሩ። «አላልኩም?» አለ ደግሞ። እኛ በሠራነው ሥራ እነሱ ሲደነግጡ፣ የእነሱን ድንጋጤ ማስረጃ አደረገው። ይህን የምታውቁት አይመስላችሁም? እኔ ግን የምታውቁት ይመስለኛል።

ራዲዮ አልነበራቸውም ወይ? ነበራቸው። አንድ ሰው ከፍቶ፣ «ሰላም ናችሁ? ያቺ ሳምቡክ የማን ናት?» ማለት ይችል ነበር። ግን ቀድሞ የጠየቀ የፈራ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት መርከብ ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ ዝም ብሎ ይተያያል።

በዚህ መካከል ኢድሪስ የሚባል የምፅዋ ልጅ፣ ባሕረኛ ነው፣ ወደ መኮንኖቹ ቀርቦ፣ «ጌታዬ፣ ሳምቡኳ እየሰመጠች ነው» አለ።

«ፍየል የጫነች ሳምቡክ ዝቅ ብትል ምን ይገርማል?» አለ ልሳነወርቅ።

«ፍየሎቹ ውኃ ውስጥ ናቸው፣ ጌታዬ።»

ልሳነወርቅ መነጽሩን አዞረ። እውነትም ፍየሎች እየዋኙ ነው፤ ቀንዳቸው ብቻ ይታያል። ታዲያ ምን ያለ ይመስላችኋል?

«ፍየል ገፍትሮ መጣልም ይቻላል።»

አትሳቁ። ምሁር ሰው ነው። መድፍ ሲገምት የማይሳሳት ሰው ነው። ያቺን ጠዋት ግን ፍየል ሲሰጥም እያየ፣ ከፍየሉ ጀርባ ተንኮል ይፈልጋል።

ያን ጊዜ የሳምቡኳ ምሰሶ ወደ ጎን አዘነበለ፤ ነጩም ጨርቅ ወደቀ። ኮማንደር ኃይለልዑል ከመቀመጫው ተነሣ። «መድፉን ወደ ኋላ አዙሩት። ሸራውን አልብሱት። ጀልባ አውርዱ።»

«ጌታዬ፣ አንገታችንን እየሰጠናቸው ነው!»

«አዎ፣ እየሰጠን ነው» አለ አዛዡ። «አንተም ጀልባው ላይ ውረድ።»

ልሳነወርቅ ወረደ፤ ትእዛዝ ነው። ኢድሪስና ሌሎቹ ይቀዝፋሉ፤ እሱ ፊት ለፊቱ የተደገነበትን አፈሙዝ ያያል። ምን ያህል እንደሚመታ ያውቃል። በዚህ ርቀት እንደማይስት ያውቃል። ድንገት አፈሙዙ ተንቀሳቀሰ። «በቃ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም አልመጣም።

ዓይኑን ሲገልጥ አፈሙዙ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ከትልቋም መርከብ ጎን ጀልባ እየወረደ ነው።

ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው ሰው ከውኃ ያወጡ ጀመር። አንዱ ከዚህ ክንዱን ይይዛል፤ ሌላው ከዚያ እግሩን ያነሣል። ጠላት የሚባባሉ ሰዎች አንድ እርጥብ ሽማግሌ ሲጎትቱ ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ። ከዚያኛው ጀልባ ላይ አንድ መኮንን አለ፤ እንደ ልሳነወርቅ አንገቱ ላይ መነጽር አንጠልጥሏል። ልሳነወርቅ ኢድሪስን፣ «ይህን ያህል መሣሪያ ይዘው ለምን ቆመው እንዳዩ ጠይቅልኝ» አለው።

ኢድሪስ በዓረብኛ ጠየቀ። ሰውየውም መለሰ፦ «ሳምቡኳ የእናንተ ማጥመጃ መስላን ነው። እናንተ ትንሽ ናችሁ። ትንሽ መርከብ ትልቅ አይታ ካልሸሸች የምትመካበት ነገር አላት ማለት ነው። ከመርከባችሁ ሥር ባሕር ሰርጓጅ ያለ መስሎን ፈራን።»

ሰማችሁ? ልሳነወርቅ ትልቅነታቸውን ሲፈራ፣ እነሱ ትንሽነታችንን ይፈሩ ነበር። ደካማ ብትሆን ትጠረጠራለህ፤ ብርቱም ብትሆን ትጠረጠራለህ። ለካ ሁሉን አወዳድረው ሲያበቁ አንዱም የሌላውን ልብ አላወቀም።

በልሳነወርቅ ጀልባ ላይ ዘህራ የምትባል ሴት ነበረች። ዞር ዞር እያለች ባሏን ፈለገች፤ ያንን ጨርቅ ይዞ ሲያውለበልብ የነበረው እሱ ነው። ምሰሶው ሲወድቅ አብሮ ሄዷል። አልጮኸችም። አንዱን መኮንን አየች፤ ሌላውን መኮንን አየች። መነጽራቸውንም አየች። ከዚያ ኢድሪስን አንድ ነገር ጠየቀችው። ኢድሪስ መተርጎም አቃተው።

«ምን አለች?» አለ ልሳነወርቅ።

«ሁለታችሁም ታዩን ነበር ወይ? ነው የምትለው።»

ያኛው መኮንን አንገቱን ደፋ። ልሳነወርቅ መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀ።

ምፅዋ ሲመለሱ ሴትዮዋን ወደ ዘመዶቿ የወሰዳት እሱ ራሱ ነው። ለቅሶው ቤት በር ላይ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ ቆመ። የሟቹ ወንድሞች ሊያመሰግኑት ወጡ፤ ያወጣት እሱ ነው ተብሎ ተነግሯቸዋል። ምስጋናውን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። «አታመስግኑኝ» አላቸው። «ከጠዋት ጀምሮ አያቸው ነበር። ጠርጥሬ ነው የዘገየሁት።» አንደኛው ወንድም እጁን አነሣ። ትልቁ ግን ያዘውና ልሳነወርቅን፣ «ግባ። ከእኛ ጋር ተቀመጥ» አለው። ገብቶ ተቀመጠ። እስኪመሽ አብሯቸው አለቀሰ።

እንግዲህ ምእመናን፣ «እኛ መርከብ የለን፣ መድፍ የለን» ትላላችሁ።

በዚህ ወር ሁለት ወንድማማቾች ወደ እኔ መጥተዋል፤ አብረው አይደለም፣ ለየብቻ። በአባታቸው ቤት ውርስ ተካስሰዋል። አንዱ፣ «እሱ ጠበቃ ይዟል፤ እኔም የበለጠ ይዣለሁ» አለኝ። ሌላው፣ «እሱ ቀበሌ ሰው አለው፤ እኔ ከዚያ በላይ አለኝ» አለኝ። ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «እናታችሁስ?» ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡኝ። እናታቸው ታማለች፤ ሊጠይቋት ይፈልጋሉ፤ ግን ቀድሞ የሄደው «ሊያስፈርማት ሄደ» እንዳይባል ፈርተዋል። ስለዚህ ማንም አልሄደም። ያቺ ሴት ልጆች ወልዳ፣ ልጆቿ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ብቻዋን ተኝታለች።

አትዟዟሩ። «ማን ይሆኑ?» ብላችሁ ጎናችሁ ያለውን አትዩ። አያችሁ? ጀመራችሁ እኮ!

በራችሁን አትዝጉ አልልም። ሰው ሁሉ ቅን ነው አልልም፤ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። የምላችሁ፣ የባልንጀራችሁን ጉልበት ለክታችሁ እስክትጨርሱ ድረስ በመካከላችሁ የሚሰጥም ሰው አለ። ልጅ ይሆናል። ሠራተኛ ይሆናል። የተጣላችሁት ሰው ራሱ ይሆናል። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። «ምን አስቦ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለነገ አቆዩት፤ ነገም ይደርሳል።

ሁለቱም ወንድማማቾች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ስማችሁን አልጠራም። ትናንት እናታችሁን ጠይቄአት ነበር፤ ዛሬን አትዘግዩባት። ከዚህ ስትወጡ አንዳችሁ ቀድሞ ይሂድ። ሌላው ደግሞ፣ ወንድምህ እዚያ በር ላይ ቆሞ ብታገኘው፣ ምንም አትጠይቀው፤ አብራችሁ ግቡ።