በጄሪካኑ ላይ የተጻፈው

«ማንበብ የሚችል ያንብብላችሁ» አሉ የዘይት ፋብሪካው ባለቤት አቶ ሸዋንግዛው፣ ቢጫውን ጄሪካን ሊዳኙ ከተቀመጡት የገበያው ሽማግሌዎች ፊት በጥፊ እያጮሉ። «ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት፣ ለዓይን ብርሃን ይላል። ይሄ ተሸካሚ ታዲያ ምን ቆርጦት ነው ገበያ ለገበያ ስሜን የሚያጠፋው?»

ተሸካሚው ያየውን ነው የተናገረው። ልጁን ዳፍንት ይዟት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ብትጀምር፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቫይታሚን ያለበት ዘይት አብላት አለችው። የአቶ ሸዋንግዛውን ዘይት ክረምቱን ሙሉ አበላት፤ ልጅቱ አሁንም ግድግዳ ትዳብሳለች። «ቫይታሚኑ ጽሑፉ ላይ ቀርቷል» ያለው ለዚህ ነው። እውነቱን ከአቶ ሸዋንግዛው በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጽሑፉን አሳተሙ እንጂ ቫይታሚን የሚባል ነገር በፋብሪካቸው ደጅ አልፎ አያውቅም።

አቶ ሸዋንግዛው የጋበዟቸው ጠጅ ገና ከጢማቸው ላይ ያልደረቀላቸው ሽማግሌዎችም ወዲያው ፈረዱ፤ ገበያው ዳር ያለውን ያንን ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አቶ ሸዋንግዛው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅ። እምቢ ካለ ከዚህ ገበያ ዳግመኛ ሸክም እንዳያነሳ።

አቶ ሸዋንግዛው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሥራህ መሸከም አይደል?»

ሰውየው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ ንቅንቅ አላለም።

«እሸከማለሁ ጌታዬ፣ ምን ከፋኝ» አላቸው። «ብቻ ያንን ጄሪካኑ ላይ የጻፈልዎትን ሰው ያስጠሩልኝና፣ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ‹ጥጥ› ብሎ ይጻፍበት።»