የማይድነው እግር

ውባንቴ የኔታ ጥበቡ ዘንድ መጥቶ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ያረፉ ጊዜ እሱ ሩቅ አገር ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ይርሳው ሳይጠብቀው ቀበራቸው። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ወንድማማቾች ተኳርፈው ብዙ ከቆዩ በኋላ ነው ሽማግሌ ገብቶ ያስታረቃቸው።

«የኔታ፣» አለ ውባንቴ፣ «ጉልበቴን ስሞ ይቅርታ ጠይቆኛል። እኔም ይቅር ብያለሁ። ግን ባየሁት ቁጥር ያ ነገር ይነሳብኛል። አሁን ደግሞ እሑድ ሴት ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ጠርቶኛል። የማይድን ነገር ይዞ መመላለስ ምን ይጠቅማል? ቁርጡን ይንገሩኝና ልቅር።»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ አገሩም እንደኛው ደጋ። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገው አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ፣ መኪና በማይገባበት መንገድ ጤና ጣቢያ ያደረሳት ይኸው ፈረስ ነው። ባሏ ከጎኗ ደግፏት፣ ፈረሱ የሞላውን ወንዝ በደረቱ እየገፋ አሻገራት። እናትም ልጅም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ፈረሱን ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ያየው ጀመር።

ዕድሜው ሲገፋ ፈረሱ ጠዋት ጠዋት ማንከስ አመጣ። የፊት ግራ እግሩ መሬት ሲነካ አንገቱን ሽቅብ ይወረውራል። ገበሬው ድንጋይ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ሰኮናውን አንስቶ አየ። ምንም የለም። ከሰኮናው ከፍ ብሎ ያለው መገጣጠሚያ ግን አብጦ ይሞቅ ነበር።

ወጌሻ ጠራ። ወጌሻው ማጭድ እሳት ውስጥ አግሎ እብጠቱን ተኮሰው። «ሕመሙ ከጭሱ ጋር ይወጣል» አለ። ፈረሱ በጠፍር ታስሮ እየተንቀጠቀጠ ቻለው። የተቃጠለው ቆዳ ውሎ አድሮ ጠገገ፤ ማንከሱ ግን ፈቀቅ አላለም። ከዚያ በኋላማ ሰው ወደ እግሩ ጎንበስ ባለ ቁጥር መሸሽ ጀመረ።

ጎረቤቶቹ ደግሞ «እረፍት ነው የሚሻው፤ እሰረው» አሉት። ክረምቱን ሙሉ ጋጣ ውስጥ አሰረው። ስለሚያዝንለትም ገብሱን ያለ ልክ ያፈስለት ነበር። መስከረም ጠብቶ በሩን ሲከፍትለት፣ ፈረሱ ሆዱ ተዘርግቶ፣ እግሩ እንደ ችካል ደርቆ፣ የጋጣውን ደፍ መሻገር አቃተው።

ያኔ ነው እንደምንም እየሳበ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ የወሰደው። ሐኪሟ ቸኩላ አልተናገረችም። እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ መገጣጠሚያውን በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ገበሬው ፈረሱን እየሳበ ወዲህ ወዲያ እንዲያስኬደው አድርጋ ከኋላም ከፊትም አየችው።

«ጋሼ፣» አለችው፣ «የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ በመሃል ያለው ልስልስ ነገር አልቋል።»

«በስንት ጊዜ ይድናል?»

«አይድንም። ያለቀው አይመለስም። ግን...»

ከዚህ በኋላ ብዙ ተናገረች። ገበሬው ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ነገር ግን «አይድንም» ካለች ወዲህ አንድም ቃል ልቡ አልገባም። የሰጠችውን መድኃኒት ኪሱ ከቶ፣ ፈረሱን እየሳበ ተመለሰ።

ሚስቱ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። «ምን አለች?»

«አይድንም አለች።»

«ሌላስ?»

«ከዚህ ወዲያ ምን ሌላ አለ?»

በዚያ አገር ያረጀና የሰነከለ ፈረስ ከመንደር ርቆ ጫካ ዳር ይለቀቃል። ጅብ የቀረውን ይጨርሰዋል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም። ገበሬው ሁለት ልብ ሆኖ ሰነበተና አንድ ጠዋት ገመዱን አነሳ።

ሚስቱ ነገሩ ገባት። «ልትጥለው ነው?»

«ሲሰቃይ ከማየው ይሻላል።»

«ካለማየትህ እሱ ምን ይጠቀማል?»

ገመዱን ፈረሱ አንገት ላይ አሰረ። እሷም የፈረሱን ግንባር ዳበሰችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች።

መንገዱ ድንጋያማ ነው። ፈረሱ አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል። ገበሬው ገመዱን ቢስበው አንገቱን ይወረውራል። ሊገፋው አሰበና እጁ አልታዘዘውም። ምን ያድርግ፣ ድንጋዩን ትቶ ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው መስክ አስገባው። መስኩ ገና ክረምቱን ጠጥቶ ያልደረቀ፣ ሣሩ የለመለመ ነው። ገበሬው ራሱም ሊደርስ የማይፈልግበት ቦታ ነውና አላጣደፈውም። ፈረሱ ሲቆም ይቆማል፤ ሲራመድ ይራመዳል። የፈረሱን ፊት ማየት አሳፍሮት ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም።

እንዲህ እያሉ ብዙ ሄዱ። ጫካው ከሩቅ መታየት ሲጀምር ገበሬው አንድ ነገር ልብ አለ። ገመዱ ረግቧል። ስቦ የሚሄደው እሱ አልነበረም፤ ፈረሱ አጠገቡ ደርሶ ትንፋሹ ትከሻው ላይ ይሞቀዋል። ቀና ብሎ አየው። አንገቱን መወርወር ትቷል። ከወንዙ ማዶ የሚግጡ ባዝራዎች ነበሩና ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ አሽካካ፤ ሁለት ሦስት እርምጃም ቀደመው።

ገበሬው ቆመ። ዓይኑ የዋሸው መሰለው። ገመዱን አስረዝሞ ፈረሱን ዙሪያውን አስኬደው። እግሩ ጤነኛ አይደለም፤ ያነክሳል። ግን ጠዋት ከጋጣ የወጣው ያ ፈረስ አይደለም። ያን ጊዜ የሐኪሟ ድምፅ ከሄደበት ተመለሰለት፤ ቃሉን ባያስታውሰውም «በየቀኑ» ያለችው ነገር እንዳለ ትዝ አለው። እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሳና ፈረሱን ወደ ቤቱ አዞረው።

ሚስቱ ሁለቱ ሲመጡ አይታ ሮጣ ወጣች። ምንም አልጠየቀችውም። ውሃ ቀድታ አቀረበችለት፤ ለባሏ ሳይሆን ለፈረሱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ፈረሱ እንደ ድሮው ደርቆ ተገኘ። ገበሬው በሩ ላይ ቆሞ አየው። «ትናንት ሲያታልለኝ ነው የዋለው» አለ።

«ትናንትም ሲወጣ እንዲሁ ነበር፤» አለችው ሚስቱ፣ «ገመዱን አምጣው።»

እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ ሆነው መስኩ ላይ አስኬዱት፤ ሰውነቱ ሲሞቅ ተፍታታ።

ገበሬው ተመልሶ ሐኪሟ ዘንድ ሄደ። ደጁ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ዶክተር፣ ያን ቀን ያሉኝን ይድገሙልኝ» አላት።

«የቱን?»

«ከ‹ግን› በኋላ ያለውን ሁሉ።»

ሐኪሟ ሳቀች። «መድኃኒቱንስ ሰጡት?» ስትለው ከኪሱ እንደታሸገ አወጣው። ገበሬውን አስቀምጣ ቀስ ብላ ነገረችው። «ገብሱን ይቀንሱ፤ ውፍረቱ ለእግሩ ሸክም ነው። ሰኮናው ረዝሟል፣ ይከርከምለት። ደረቅ ጭድ ላይ ይተኛ። በየቀኑ ለስላሳ መሬት ላይ በልኩ ያስኪዱት፤ ታስሮ አይዋል፣ ደግሞም አይጋልብ። ብርድ ሲጸናና ሲብስበት ይህን መድኃኒት በምነግርዎ ልክ ይስጡት፤ ቶሎ እንዲሻለው ብለው ካበዙበት ሆዱን ያበላሽበታል።»

«እንዲህ ካደረግሁ ይድናል?»

«አይድንም አልኩዎ፣ ጋሼ። ይኖራል።»

ገበሬው አሁን ሰማ። እንዳለችውም አደረገ። ፈረሱ አልዳነም። ብርዳማ ጠዋት ላይ አሁንም አንገቱን ይወረውር ነበር። እህል ወደ ገበያ አልጫነም፤ በበዓልም ከጋላቢዎች ጋር አልተሰለፈም። ገበሬው አንዳንድ ቀን ተሰላችቶ አስሮት ይውላል፤ በነጋታው ዋጋውን ሁለቱም ይከፍላሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ መድኃኒቱን ይሰጠዋል፤ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ መስክ ያወጣዋል። ሰው ወደ እግሩ ሲጎነበስ መሸሹንም ቀስ በቀስ ተወው። የሚገርመው ግን ያ በእናቱ ሆድ ሳለ ወንዝ የተሻገረው ልጅ አድጎ፣ ፈረሱን ወደ መስክ የሚያወጣው እሱ ሆነ። ጎረቤቶቹ ጅብ ይበላዋል ብለው የቆረጡትን ፈረስ፣ ልጁ ዘፈን እያንጎራጎረለት ጎን ለጎን ሲሄድ ያዩት ነበር።

የኔታ ጥበቡ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ውባንቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ እናትህን አፈር ሲያለብሷት አለመድረስህ ያ መገጣጠሚያ ነው። ያለቀው አይመለስም። ይርሳው ጉልበትህን መቶ ጊዜ ቢስም ያን ቀን ሊመልስልህ አይችልም። እኔም ይድናል ብዬ አልዋሽህም። አንተ ግን መጀመሪያ በየለቅሶውና በየሠርጉ ወንድምህን በክፉ ቃል ተኮስከው። ሕመሙ ወጣልህ?»

ውባንቴ አቀረቀረ።

«አልወጣም። ኋላም ደጁን ሳትረግጥ ከረምክ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ነገሩን እያሰብክ ቀለብከው፤ እሱም ወፈረ። አሁን ሽማግሌዎቹ ‹ታርቃችኋል› ሲሉህ ድነሃል ያሉህ መሰለህና፣ ሕመሙ ሲነሳ እርቁ የከሸፈ መሰለህ። አልከሸፈም። እንደዚያ ፈረስ ጠዋትህ ስለሆነ ነው።»

«እና እሑድ ልሂድ?»

«ሂድ። ስትገባ ያምሃል፤ ሁሉም ያይብህ ይሆናል። አንተ ግን አትጋልብ። የእናትህን ነገር እዚያ አታንሳ፤ ለስላሳ መሬት ምረጥ። ሕፃኗን ታቅፈህ መርቃት፣ የቀረበልህን ቅመስ፣ ሲከብድህ ተነስና ውጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ወንድምህን በሬ ሲያጠምድ ባየኸው ጊዜ ‹እንዴት አደርክ› በለው። እንዲህ ነው የሚታከመው።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚለቀኝ?»

«ጨርሶ ላይለቅህ ይችላል፣ ልጄ። ነገር ግን አንድ ቀን ያች ሕፃን ከፍ ብላ፣ እጅህን ይዛ ወዲያ ወዲህ ስታዞርህ፣ ብዙ መንገድ ሳታነክስ እንደሄድክ ድንገት ይገባሃል። ያን ጊዜ አትቁም። ከእሷ ጋር ዝም ብለህ ሂድ።»