የልብስ ሰፊው ነጭ ግድግዳ

እኛ ሰፈር አንድ አባባል አለ። ሰው እንግዳ ጠርቶ ያልሆነውን ነኝ ሲል አንዱ ብድግ ይልና ጣል ያደርገዋል። ልጆቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስላቸዋል። ኧረ ወዲያ! አባባሉ ሲወለድ እኔ ራሴ እዚያው ቆሜ ንፍሮ ሳዞር ነበር። እስቲ ከየት እንደመጣ ስሙኝ፤ ከዚያ ወዲያ በቦታው ትናገሩታላችሁ። አፍ ላይ እንደመጣ የሚወረወር ነገር አይደለም፤ ሰው ያፈረበት ነው።

ጎበዜ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱ ከኔ ጋር አጥር ይጋራል። እጁ የተባረከ፣ ጠባዩም ደህና፤ አንዲት ክፉ አመል ብቻ ነበረችበት፣ «ሰው ምን ይለኛል» የምትባል። ሚስቱ የሺመቤት የልብ ጓደኛዬ ናት። ቤት ውስጥ የሆነውን ሁሉ የማውቀው እሷ አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየሳቀች ስለነገረችኝ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ውድነሽ። ከወንዝ ማዶ ያለ አንድ መምህር ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ለእሁድ እንደሚመጡ ወሬው ቀድሞ ደረሰ።

ይኼኔ ጎበዜ እንቅልፍ አጣ። የልጁ አባት ቤት የብሎኬት ነው፤ ግድግዳው ልስን ነው። የነ ጎበዜ ቤት ደግሞ እንደ ሁላችንም ቤት የጭቃ ነው። ሳሎኑ ኖራ ከተቀባ ዘመናት አልፈዋል፤ ከጭሱና ከሰው ትከሻ ብዛት ቡኒ ሆኗል። «ልጄ በዚህ ግድግዳ ፊት አትጠየቅም!» አለና ቀለም ሊገዛ ወጣ። የሺመቤትም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችው።

«ምን ዓይነት ልስጣችሁ?» አለ ባለሱቁ።

«ነጭ» አለ ጎበዜ።

«የትኛውን ነጭ?»

«ነጭ ደግሞ ስንት ነው? ነጭ ነጭ ነው!»

ባለሱቁ ሳቅ አለና ናሙና የተለጠፈበት ካርቶን ዘረጋለት። ለካ ነጭም ዘር ማንዘር አለው! አንዱ ወደ ወተት ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ቅቤ፣ አንዱ አመድ አመድ ይላል፤ አንዱ ደግሞ ሰማያዊ ጠብ የተደረገበት ይመስላል፣ ዓይን ይወጋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የሚያብረቀርቅና የማያብረቀርቅ አለው።

የሺመቤት ወተት የሚመስለውን በጣቷ ነካ አደረገች። «ይሄ ይሻለናል፣ ዓይን ያሳርፋል። የማያብረቀርቀው ይሁን። ሲቆሽሽም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል ይላል ሰውዬው።»

«ይሄ? ይሄማ የቆሸሸ ነጭ ነው! ሲገቡ ሳይታጠብ የቀረ ይመስላቸዋል። ያንን ነጩን ስጠኝ። የሚያብረቀርቀውን!»

«ጎበዜ፣ የጭቃ ግድግዳ እኮ ነው…»

«ለዚህ አይደል እንዴ የምቀባው? የጭቃ መሆኑ እንዳይታወቅ!»

ክርክሩ አለቀ። ጎበዜ ቀለሙን ተሸክሞ መጣ፤ ሌላ ሰው አላስነካም ብሎ ራሱ ቀባው። ጠዋት ጠዋት ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ አግድም ስትገባ ግን፣ እናንተ ሆዬ፣ ጉድ ፈላ! የሚያብረቀርቅ ቀለም ለካ ምንም አይደብቅም፤ እንዲያውም ይጠቁማል። ጉብታው ወጣ፣ ስርጉዱ ወጣ፣ የተደፈነው የአይጥ ጉድጓድ ሳይቀር ወጣ። በሩ አጠገብ ደግሞ አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጭቃውን ሲመርጉ የተዉት የጣታቸው ዱካ ቁልጭ ብሎ ታየ። ቡኒ ሳለ ማንም አላየውም ነበር።

«ጨጓራ መሰለ» አለች የሺመቤት። ሳቅ አምልጧት ነው።

ጎበዜ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ጠቆረ። «በዚህማ ይስቁብኛል።»

«ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? ያባትህ እጅ ነው። ያባትህ ቤት ነው። ተወው በቃ፣ ደህና ነው።»

ሰማት? አልሰማትም። ብልጭታውን መግደል አለብኝ ብሎ ተነሳ። ከሰፈሩ ጄሶ ለመነ፣ የኖራ ዱቄት ለመነ፤ በቀረው ቀለም ላይ ሞጀረበትና በውኃ አቀጥኖ ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ቀባው። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሲደርቅ ያምር ነበር። እኔም ገብቼ አይቻለሁ። ብልጭታው የለ፣ ጉብታው የለ፣ ድፍን ያለ ንጹሕ ነጭ! ጎበዜ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሐል ሳሎን ቆሟል፤ እንደዚያን ቀን ሲኩራራ አይቼው አላውቅም።

ማታውን የሺመቤት ሰሐን ይዛ ስታልፍ ትከሻዋ ግድግዳውን ነካው። ብታየው ነጭ ሆኗል። ጣቷን ብታስነካው ዱቄቱ ተከትሏት መጣ። «ጎበዜ! ይሄ ነገር ይለቃል!»

«ቀስ በይ እንጂ! የሚመጡት ግድግዳ ሊዳብሱ ነው እንዴ? ወንበሩን ከግድግዳው ራቅ አድርገን መሐል እናስቀምጠዋለን። ቁጭ ብለው ተናግረው ይሄዳሉ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ሽማግሌ መቼ ነው ቁጭ ብሎ የሚለምነው? ልብስ ሰፊው ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቀለሙ አስረሳው።

እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ባሻ ተገኘ ናቸው፤ ቁመተ ረጅም፣ ንግግር አዋቂ። ሁለተኛው እግራቸውን የሚያማቸው መሪጌታ፣ ሦስተኛው የልጁ አጎት። በዚያው ሰሞን እኛ ሰፈር በላይኛው በኩል የባሻ የጥንት ጎረቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ ሞተው ነበር። ሽምግልናና ለቅሶ በአንድ ቀን አይሄድም የሚል ይኖራል፤ የሩቅ መንገደኛ ግን ምን ያድርግ? ከጎበዜ ቤት ሲወጡ ለቅሶ ሊደርሱ አስበው ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል። ባሻማ ያንን ጥቁር ካፖርታቸውን ነው የደረቡት።

«ግቡ፣ ግቡ! ቁጭ በሉ!» ይላል ጎበዜ፣ መሐል ወዳሉት ወንበሮች እየገፋ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ባሻ፣ እንደ ደንቡ። ሦስቱም ለቤቱ ክብር ብለው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ተደረደሩ።

«ኧረ እባክዎ ባሻ፣ ወደዚህ ወደ መሐል…»

«እዚሁ ደህና ነን፣ አቶ ጎበዜ።»

ባሻ ንግግራቸውን ጀመሩ። ዘር ቆጠሩ፣ ምሳሌ አመጡ፤ የልጁን ጠባይ የልጅቷን አስተዳደግ አነሱ። ጎበዜ አንዱንም አልሰማ። መሪጌታ እግራቸው ሲደክም ጀርባቸውን ሲያስጠጉ ያያል። አጎትየው ክንዳቸውን ሲያስደግፉ ያያል። ባሻ ደግሞ ንግግሩ ሲጥማቸው ወደ ኋላ ለጠጥ ይላሉ። የሺመቤት ጓዳው በር ላይ ሆና በዓይኗ «ቶሎ እሺ በልና አስቀምጣቸው» ትለዋለች። እንዴት ይበል? የመጀመሪያ ልመና ላይ ፈጥኖ እሺ ያለ አባት፣ ልጄን ውሰዱልኝ ያለ ይመስልበታል። እንደ ደንቡ ደግሞ ዘመድ ላማክር ብሎ ሲያንገራግር ሽማግሌዎቹ ይቆማሉ፤ በቆሙ ቁጥር ይደገፋሉ። ላቡ ቸፈፍ አለ።

በመጨረሻ «ዘመድ አማክሬ በሚመጣው እሁድ ቃሌን እሰጣለሁ» አለ።

«መልካም። ቃል ሳንሰማ ደግሞ እህል አንቀምስም» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

ሲዞሩ ነው እንግዲህ። ሦስት ጀርባ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ ነጭ! ግድግዳው ላይ ደግሞ በቆሙበት ሦስት ቦታ ያ የሚያብረቀርቀው ከሥር ብቅ ብሏል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጀርባ ሲለካ የኖረ ሰው አላየሁም ሊል አይችልም።

የሺመቤት ክንዱን ያዘችው። «ንገራቸው!»

«ምን ብዬ? ግድግዳዬ ይረግፋል ልበል?»

«አዎ! እንደሱ በል! በነጠላዬ ላራግፍላቸው፣ ልቀቀኝ!»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል! ንፋሱ ያራግፈዋል።»

በሩ ላይ ቆሞ እንዳትወጣ ከለከላት። ውድነሽ ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች፤ አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። የሺመቤት ይህንን ስትነግረኝ ነው እንባዋ የመጣው።

ንፋሱም አላራገፈው። ጎበዜ ልቡ አላርፍ ብሎት በሩቁ ተከተላቸው። በመንገዱ ያለው ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹን እጅ ይነሳል፤ ካለፉ በኋላ ዞር ብሎ ያይና አፉን ይይዛል። እንዲያ ያሉ ሰዎችን «ጀርባችሁን» የሚል ደፋር ከየት ይምጣ? ጎበዜ አንዴ ሊጠራቸው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ለቅሶው ድንኳን ድረስ እንዲሁ ደረሱ።

ባሻ ገና ከደጁ «እህቴን! እህቴን!» እያሉ፣ እንባቸው እየወረደ ገቡ። ወንዱ ተነሳላቸው። ወደ ውስጥ አልፈው፣ ወደ ሟቿ ልጅ ወደ ዘነቡ ዞረው ጎንበስ ሲሉ፣ ሦስቱም ጀርባቸውን ለድንኳኑ ሰው ሰጡ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳቅ ፈነዳች። ማን እንደጀመረችው እስከዛሬ አይታወቅም፤ እኔ አይደለሁም። ወዲያው ሌላዋ አፏን በነጠላዋ አፈነች፣ ሌላዋ ተከተለች፤ ወንዶቹ ዘንድም ተሻገረ። ሙሾው ተቋረጠ።

ዘነቡ ቀና አለች። ፊቷን አልረሳውም። «እናቴን ቀብሬ ይሳቅብኛል?» አለች።

እዚያ ላይ ሳቁ ሁሉ አመድ ሆነ። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ባሻ ግን ምን እንደተደረገ አልገባቸውም፤ በልቅሷቸው የተሳቀ መሰላቸው። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ዙሪያቸውን ሲያዩ አሳዘኑኝ። አንዱ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። ካፖርታቸውን አወለቁና አዩት። ዳበስ አደረጉት፤ ጣታቸው ነጭ ሆነ። ቀና ሲሉ ድንኳኑ በር ላይ የቆመውን ጎበዜን አዩት።

«ጎበዜ። ና እስቲ።»

መጣ። እግሩ እየተጎተተ መጣ።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከኔ ግድግዳ ነው፣ ባሻ።»

«ግድግዳ ሊለቅ ይችላል፣ ክፋት የለውም። አንድ ነገር ንገረኝ። ከቤትህ ስንወጣ አይተኸዋል?»

ሊዋሽ ነው ብዬ ነበር።

«አይቻለሁ» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አፈርኩ።»

«አንተ እንዳታፍር እኛ እንፈር? ይህቺ ልጅ በናቷ ለቅሶ ትፈር?»

ጎበዜ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው ባሻ። ልጄ የለችበትም። በሷ እንዳይመጡብኝ። ልጄን አይተዉብኝ።» ያን ሁሉ የደከመው ለሷ ነበር፣ እውነቱን ነው፤ አሁን በአንዲት ዝምታ ሊያሳጣት ነው።

ባሻ መጀመሪያ ወደ ዘነቡ ዞሩ። «ይቅር በይን ልጄ። በእናትሽ አልተሳቀም፤ የተሳቀው በኛ ነው።» ዘነቡ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ወደ ጎበዜ ተመለሱ። «ልጅቷ ምን አጠፋች? እንወስዳታለን፤ ቀጠሯችንም ያው እሁድ ነው። ነገር ግን ካንተ ቤት አንመጣም። ቃሉን ከአጎቷ ቤት፣ ከአጎቷ አፍ እንቀበላለን።»

ወይ ጎበዜ! አባት በሕይወት እያለ፣ በጤናው እያለ፣ የልጁን ቃል ሌላ ሰው ሲሰጥለት! ያውም ቤቱን ለዚያች ቀን ብሎ ሁለቴ የቀባ አባት። የሚያነሳው ጠፍቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እዚያው ቀረ። ማንም አልሳቀም። እኔም ንፍሮውን ይዤ ፊቱ ማለፍ ከበደኝ፤ በሌላ በኩል ዞርኩ።

ባሻ ካፖርታቸውን እንዳለ መልሰው ለበሱት። «ላራግፍልዎ ባሻ?» ብዬ ጨርቅ ይዤ ቀረብኩ።

«ተዪው» አሉኝና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

አጠገባቸው አንድ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከተባለው አንዱንም አልሰሙ። የባሻን ጀርባ በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው «ምን ነክቶዎት ነው፣ ባሻ?» ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ። ባሻ ጎበዜን አላዩትም። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «የሸሸጉት ጉድ በእንግዳ ጀርባ ይወጣል።»