የደብሪቱ ገመድ

ጆሮ ያለው ይስማኝ፤ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ። የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታወጣ፣ ስላሬ በምትባል አገር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ቃጫ እየገመደች ገመድ ትሸጣለች። ሌላ ሙያ የላትም፤ ሌላ ሀብትም የላትም።

ያኔ በስላሬ መሬት የሚሸጠው በዓይን ነበር። ሻጩ ኮረብታ ላይ ይወጣል። ዱላውን ይዘረጋል። «ከዚያ ወይራ እስከዚያ ወንዝ፣ አሥር ጥማድ» ይላል። ገዢው እሺ ይላል። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ጠላ ይጠጣል፣ አለቀ። ከምርቃት በኋላ አቤት ማለት ነውር ነው። መቼም ሞኝነት ሲለመድ ወግ ይባላል! የደብሪቱም ባል እንዲሁ ገዛ። ወሰኑ ወንዙ ነበር። ወንዙ በክረምት ሞልቶ መንገዱን ቀየረ፤ ግማሹ መሬት ማዶ ቀረ። ሰውየው ሲሟገት ኖሮ ሲሟገት ሞተ። ደብሪቱ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ቀረች።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤቷ ወልደአብ መሬት ሊገዛ ነው ተባለ። ደብሪቱ በየአሥር ክንዱ የቋጠረችውን ረጅም ገመድ ተሸክማ ኮረብታው ላይ ወጣች። «አያ ወልደአብ፣ ከመመረቁ በፊት ተጎራባቾቹ ይጠሩ፤ ገመድ ይጣል» አለች። ሽማግሎቹ ሳቁ። «ሂጂ፣ በገመድሽ በሬ እሰሪበት!» አሏት። ሄደች። ዘር በተዘራ ጊዜ የመሬቱ ሲሶ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። በድንበሩ ጠብ ተነሳና ወልደአብ ልጆቹን ይዞ አገር ጥሎ ሄደ። ደብሪቱ አምርራ አለቀሰች።

ሌላ ጊዜ አንድ ሸማኔ ሊገዛ መጣ። ደብሪቱ ገመዷን ተሸክማ ወጣች። አሁንም ሳቁ። ሸማኔው ግን «እኔ ጋቢ እንኳ በክንድ ለክቼ ነው የምሸጥ፤ መሬት ሳይለካ እገዛለሁ እንዴ?» አለ። ለካች። ጎደለ። ሻጩ አፈረ፤ እሱም ከአባቱ የሰማውን ነበር የሚናገር። ዋጋውን ቀነሰ። ሁለቱ ሳይካሰሱ ኖሩ፤ እንዲያውም አበልጅ ሆኑ።

ሦስተኛው ግዢ ግን በራሷ ቤት መጣ። የልጇ የውብዳር እጮኛ ከባላምባራስ ጎሹ ስምንት ጥማድ ሊገዛ ሆነ። በመሬቱ መጨረሻ ምንጭ አለች፤ ውብዳር ጎጆዋን ከምንጯ አጠገብ ልትሠራ ተመኝታለች። ደብሪቱ ገመዷን ተሸክማ ወጣች። አሁን የሳቀ የለም። ከመንገዱ ጀምራ መሬቱን በእግሯ እየረገጠች ለካች። ስምንቱ ጥማድ ምንጯ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ደግማ ለካች። ያው ነው። ቋጠሮውን የምትቆጥር እሷ ብቻ ናት፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ልጇን አየች፤ ልቧ ተቃጠለ። የወልደአብን ልጆች አሰበች።

«ባላምባራስ፣ መሬቱ ካሉት በልጧል። ምንጯ የእርስዎ ናት» አለች።

«እማዬ!» ብላ ውብዳር አለቀሰች።

«ልጄ፣ ለእኛ ሲሆን የሚረዝም ገመድ፣ ነገ ማን ያምነዋል?»

ባላምባራስ ምንጫቸውን አልለቀቁም፤ ሰው ናቸዋ! ነገር ግን «ውሃውን አብረን እንቀዳለን። እኔም ከእንግዲህ ያለ ደብሪቱ ገመድ አልሸጥም፤ አልገዛም» አሉ። ባላምባራስ ካሉ ማን እምቢ ይላል? አገሩ ሁሉ ተከተለ። ውብዳርና ባሏ ስምንቱን ጥማድ አርሰው ልጅ አሳደጉበት፤ ወሰናቸውን አንድም ሰው አልነካም። ከስላሬም በድንበር ጠብ አገር ጥሎ የሄደ ሰው ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

እነሆ እስከ ዛሬ በስላሬ መሬት ሲሸጥ ተጎራባች ይጠራል፤ ገመድ ይጣላል። ከዚያ ሽማግሌው ለምርቃት ይነሳና «ደብሪቱ ረግጣዋለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ገዢና ሻጭ አንድ ላይ «ረግጣዋለች» ካላሉ፣ እጁን ለምርቃት አያነሳም።