ታንኳ ሳይቆም እሳት የለም

ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት፤ ይኸው አሁንም እየጻፍኩ ያስቀኛል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የከተማ ሰው ሸምበቆ ዳር ገበያችን መጣና ቆረሶው ዓሣ ተተልትሎ፣ ሎሚው ተቆርጦ፣ የኑግ ዘይቱ መጥበሻው ውስጥ ተንጣልሎ አየ። «እሳቱስ የታለ?» አለ። «ታንኳ ይግባ፣ ጋሼ» አልነው። «የኔ ዓሣ እዚህ አይደለም እንዴ? ታንኳው ሌላ ምን ሊያመጣልኝ ነው?» ብሎ በንዴት ሳህኑ ላይ ያለውን ቃሪያ ባዶውን ዋጥ አደረገው። ከዚያማ እንባው ዱብ ዱብ! ግን ቆዩ፣ ዋናው ነገር ከመጨረሻው ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ አያስቅም።

ጣና ዳር ባለችው በዚች ገበያ፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ገብቶ የመጨረሻው ታንኳ ግንድ ተደግፎ ሳይቆም ማንም እሳት አያነድም። ሆድ ቢጮህም አይነድም። ለምን እንደሆነ አባቶች ሲያወሩት እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች ይባላል። እንደ እሷ ዓሣ የሚጠብስ በዳርቻው አልነበረም፤ መብላትም እንደ እሷ የሚወድ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያውን እየዞረች ከዚህ የባቄላ እሸት ፈልፍላ፣ ከዚያ ዱባ መትታ ድምፁን ሰምታ፣ ሎሚ አሽትታ፣ ባለ ዕቃውን ሁሉ አስቃ ነበር የምትመለሰው። ባሏ ይግዛው ደግሞ ዝምተኛ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱ ያመጣል፣ እሷ ትጠብሳለች።

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ ደገኞች የዓመቱን የመጀመሪያ እሸት ይዘው ወረዱና እሷ ዘንድ ከበው ተቀመጡ። ሰው በዛ፣ ዓሣው አለቀ። ማንጠግቦሽ ዘይቱ እንደጋለ ባሏን ጠርታ «አንድ ጊዜ ሐይቁ ግባና ውጣ» አለችው።

«ታንኳዋ አልደረቀችም» አላት። «ከትናንት ጀምሮ አልቆመችም፣ ውኃ ጠጥታለች።»

ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እንዲህ ነው፤ ከውኃ ወጥቶ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ከዚያም ማሰሪያው ይላላል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ የአጥማጅ ሚስት አይደለችም እንዴ! ግን እንግዳ ፊት ነው፣ ዘይቱም ጨሷል።

«ታንኳ ናት ወይስ አራስ? ገንፎ ላገንፋላት እንዴ?» አለችው።

ደገኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱማ «እኛም ጡት እስክታስጥል እንጠብቃለን!» ብሎ ጨመረበት። ይግዛው አንገቱን ደፍቶ መቅዘፊያውን አነሳና ሄደ።

በዚያ ዘመን ብዙ ዓሣ የያዘ ሰው ከሐይቁ ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር አሉ፣ የዳር ሰው እንዲዘጋጅለት። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የይግዛው ጩኸት ተሰማ። ነፋሱ ወደ ውኃው ነበርና የምድጃው ጭስ ሐይቁን ሸፍኖታል፤ ድምፁ እንጂ ሰውየው አይታይም። ማንጠግቦሽ አጨበጨበች። «ሰማችሁ? ሞልቶለታል! እንጨት ጨምሩ!» አለች። እንጨት ተጨመረ፣ ጭሱም በረታ። ደጋግሞ ጮኸ፤ እነሱም ደጋግመው እልል አሉለት። በኋላ ድምፁ ቀረ። «መጣ ማለት ነው» አለችና ቃሪያ ትሰነጥቅ ጀመር።

ጭሱ ሲገለጥ ውኃው ላይ የተበተነ ደንገል ብቻ ነበር።

ሰኞ አገኙት፣ ማክሰኞ ቀበሩት። እናቱ እማማ ትርንጎ ከቀብሩ ጀምሮ ለምራታቸው አንድ ቃል አልተነፈሱላትም፤ ሰውም «የእናት ዝምታ መጨረሻው እርግማን ነው» እያለ ይፈራ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንጠግቦሽ ከል ለብሳ ዳር ላይ ቆመች። ሰው እሳት ሲለኩስ ነጠላዋን ውኃ ነክራ እየሮጠች ታጠፋለች፤ «ጭስ አታድርጉ፣ የሚጮኸው አይታየንም» ትላለች። አጥማጁ ሁሉ ገብቶ ታንኳውን ሲያቆም አንድ በአንድ እየነካች ትቆጥራለች፣ መጨረሻ ላይም «አንድ ይቀራል» ትላለች። ሐዘንተኛን ማን ይገፋል? ዓሣው ሸተተ፣ ደገኞቹም ጦማቸውን ተመለሱ። ሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ። በሦስተኛው፣ ገበያው ወደ ሌላ ዳርቻ ሊዞር ሰው ዕቃውን ሲያስር፣ እማማ ትርንጎ በምርኩዝ መጡ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ማንጠግቦሽ ስታያቸው መሬት ተደፋች፤ «ይርገሙኝና ይውጣልዎ፣ እማማ» አለች።

አሮጊቷ አልረገሙም። ክንዷን ይዘው አነሷት፣ በቆሙት ታንኳዎች ፊት አንድ በአንድ አሳለፏት፣ ከዚያም ከጎረቤት በገል ፍም አስመጥተው እጇ ላይ አኖሩላት።

ከዚያ ወዲህ ነው አሉ፣ ታንኳው ሁሉ ሳይቆም እሳት የማይነደው፤ ሐይቅ ላይ ሆኖ የሚጮህ ካለም ሰው ሁሉ መብሉን ጥሎ የሚሮጠው። እኛ ዛሬ ቆረሶውን በእሸት እያጣጣምን እንስቃለን፣ እንበላለን፣ የከተማ ሰው እናስለቅሳለን፤ የመጨረሻው ታንኳ ሲቆም ግን ሳቁን ትተን ወደ ሐይቁ እንዞራለን። እማማ ትርንጎ ያን ቀን ምራታቸውን ያሏት ቃል አንድም ሳይጎድል ይኸው፦

«ልጄ፣ አትቁጠሪ። የቀረ የለም፤ የኔም ገብቷል። በይ አንድጂው፣ ሰው ርቦታል።»