ሳጥኑ ካልተኛ እቴቴ ትርንጎ አትተኛም

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የዛሬዋ ላም በረቷ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። «የወንዝ ዳር ቤት» በሉኝና ልጀምር። አላችሁ? እሺ።

እቴቴ ትርንጎ የምትባል ሩዝ አምራች ነበረች። ቤቷ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወንዙ ጥግ ነው። አንዲት ላም አለቻት። አምና ክረምት እቴቴን ሸለብ ሲያደርጋት ጎርፍ መጣና የላሟን ጥጃ ወሰደው። ዘንድሮ ላሟ ደግማ ወለደች፤ እቴቴ ግን ደግማ መተኛት ፈራች። የፈለገችው ብዙ አልነበረም። ጥጃው ሳይወሰድባት ዓይኗን ከድና አንድ ጥሩ እንቅልፍ መተኛት፣ ይኸው ነው።

እቴቴ ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ ስርጉት ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራለች። ለአክስቷ ብላ አንድ ሳጥን ሠራችና የወንዙ ድልድይ ላይ ሰቀለችው። ከላዩ የፀሐይ ሰሌዳና ጡሩምባ፣ ከታቹ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ፣ ከውስጡ ደግሞ ባትሪና ትንሽ ኮምፒውተር። ውኃው ሲያብጥ ኳሱ ከፍ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ያያል፣ ጡሩምባው ይጮሃል፣ ሰው ከብቱን ይዞ ጉብታው ላይ ይወጣል። በበጋ ሲሞከር አገር ምድሩን አደነቆረ። በበጋማ ማን ሰነፍ ይባላል? ክረምት ሲገባና ደመናው ፀሐይዋን ሲሸፍናት ግን ጡሩምባው ሲሞክሩት «እህ» ብሎ ዝም የሚል ሆነ። ያን ጊዜ እቴቴ ትርንጎ ዱካዋን፣ ያችን አጭር በርጩማዋን፣ ይዛ ወንዙ ዳር ተቀመጠች፤ ውኃውን በዓይኗ ልትጠብቅ።

ስርጉት ከባሕር ዳር በየመሐሉ ትደውላለች። «እቴቴ፣ ተኛሽ?» ትላለች። የተኛን ሰው ቀስቅሶ ተኛህ ወይ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው። በኋላ ስልኩም አልበቃ አላት፤ ላፕቶፗን አንጠልጥላ መጣች።

«እቴቴ፣ ስለ ምን አትተኚም?»

«ጡሩምባሽ አይጮህማ! በምን አንጀቴ ልተኛ?»

ስርጉት ድልድዩ ላይ ወጣች። «ጡሩምባ፣ ጡሩምባ፣ ስለ ምን አትጮህም?» በተረት በሬና እሳት ይናገሩ የለ? ጡሩምባ ደግሞ ከጥንትም አፍ አለው።

«ባትሪው ኃይል አይሰጠኝ፤ በባዶ ሆዴ ልጩህ እንዴ?» አለ ጡሩምባው።

ባትሪው አይሰጥ፣ ጡሩምባው አይጮህ፣ እቴቴ ትርንጎ አትተኛ።

«ባትሪ፣ ባትሪ፣ ስለ ምን ኃይል አትሰጥም?»

ባትሪው ነጭናጫ ነው። «ምን አለኝና ልስጥ? ከደመናው መሐል ብልጭ የምትለዋን ፀሐይ እለቅማለሁ፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ጠብታ ሳያስቀር ይጠጣብኛል። ሥራ ኖረም አልኖረ ቆሞ ይውላል። መተኛት አያውቅ፤ እኔ መቼ ልጠራቀም?»

ፕሮሰሰሩ አይተኛ፣ ባትሪው አይሰጥ፣ ጡሩምባው አይጮህ፣ እቴቴ ትርንጎ አትተኛ።

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ የሚሠራው ጉልበተኛ ነው። ስርጉት ስታገኘው ዓይኑ ቀልቷል። «ፕሮሰሰር፣ ፕሮሰሰር፣ ስለ ምን አትተኛም?»

«ጠልቼ መሰለሽ? ጥልቅ እንቅልፍ የሚባል ተሰጥቶኛል፤ እስከ ዛሬ ገብቼበት አላውቅም እንጂ። ጎኔን ሳሳርፍ ደወሉ ይደውላል። እነሣለሁ፣ ሥራ የለም። እተኛለሁ፣ ይደውላል። ለምን እንደተነሣሁ ሳላውቅ እነሣለሁ፣ ለምን እንደተኛሁ ሳላውቅ እተኛለሁ።»

ደወሉ የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። «ደወል፣ ደወል፣ ስለ ምን አታርፍም?» ብትለው፣ «አዛዥ አለብኝ» አለ ባጭሩ። «ከርነሉ ሳያሰናብተኝ ማን ነኝና አርፋለሁ?»

ከርነሉ አያሰናብት፣ ደወሉ አያርፍ፣ ፕሮሰሰሩ አይተኛ፣ ባትሪው አይሰጥ፣ ጡሩምባው አይጮህ፣ እቴቴ ትርንጎ አትተኛ።

ከርነል የኮምፒውተሩ አስኳል ነው። እንደ ሰርግ ቤት አጋፋሪ አስቡት፤ ማን ይግባ፣ ማን ይነሣ፣ ማን ይረፍ የሚለው እሱ ነው። ጨዋ ነው፤ ሥርዓት ካልተጠበቀ ግን ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

«ከርነል፣ ከርነል፣ ስለ ምን ደወሉን አታሰናብትም?»

«እመቤቴ፣ እንግዳ ቆሞ ሳለ አሳላፊ ይተኛል?» አለ ከርነሉ። «ጠያቂው ያውልሽ ቆሟል። ተቀመጥ ብለው አይቀመጥ፣ ሂድ እንዳልለው ሥራ ላይ ነኝ ይላል። አንድ ሰው ቆሞ ሳለ ቤቱን በሙሉ ማስተኛት በእኔ ዘንድ ነውር ነው።»

ጠያቂው ማነው? ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራው አንዲት ናት፤ ኳሱን «ውኃው መጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። «መጣ ወይ?» ይላል። «አልመጣም» ይለዋል ኳሱ። «መጣ ወይ?» «አልመጣም።» «መጣ ወይ?» ይኼ ሁሉ እናንተ ዓይናችሁን እስክታርገበግቡ ድረስ ነው።

ጠያቂው አያቆም፣ ከርነሉ አያሰናብት፣ ደወሉ አያርፍ፣ ፕሮሰሰሩ አይተኛ፣ ባትሪው አይሰጥ፣ ጡሩምባው አይጮህ፣ እቴቴ ትርንጎ አትተኛ።

«አንተ ጠያቂ፣ ስለ ምን አታቆምም?» አለች ስርጉት፣ አሁን ተናዳ።

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽኝ?» አለ ጠያቂው። ይህን እየተናገረም መሐል ላይ ኳሱን አንዴ ጠየቀ። «‹ጠይቅ፣ ደግመህ ጠይቅ፣ እንዳታቋርጥ› ብለሽ ጻፍሽኝ። ከተውሽኝ እተዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ስርጉት እንዲህ የጻፈችው ግን ከስንፍና አልነበረም። አምና ጥጃው በተወሰደ ዕለት እሷ ስትደውል የእቴቴ ስልክ ዝም ብሏት ነበር፤ ያ ዝምታ እስካሁን ሆዷ ውስጥ አለ። ለዚህ ነው ሳጥኑ ዝም እንዳይል አድርጋ የጻፈችው። «እንግዲያው ተዪዋ» ብትሏት፣ «እቴቴ ሳትተኛ እንዴት ልተወው?» ነው መልሷ። አያችሁ ነገሩ ዞሮ የት እንደገባ?

እቴቴ ትርንጎ አትተኛ፣ ስርጉት አትተው፣ ጠያቂው አያቆም፣ ከርነሉ አያሰናብት፣ ደወሉ አያርፍ፣ ፕሮሰሰሩ አይተኛ፣ ባትሪው አይሰጥ፣ ጡሩምባው አይጮህ፣ ደግሞ እቴቴ ትርንጎ አትተኛ። በዚህ ላይ ወንዙ በየቀኑ ከፍ ከፍ ይላል፤ ወንዝ ደግሞ የሰውን ጣጣ አይሰማም።

ስርጉት ሆዷ ሲባባ ልማዷ ነውና ስልኳን አነሣች። እቴቴ ከድልድዩ በታች ዱካዋ ላይ አንገቷን ደፍታ ትታያለች። ስልኩ ሲጠራ ብድግ አለች።

«እቴቴ፣ ተኛሽ?»

«ተኝቼ ነበር!» ድምፅዋ በስልኩም በአየሩም መጣ። «ገና ዓይኔ ክድን ሲል! አንች ልጅ፣ እንዲህ እየጠየቅሽኝ መቼ ልተኛ? እኔ ስልክ የለኝም? ጣት የለኝም? የመጣ ነገር ካለ እኔው እደውልልሽ የለም ወይ?»

«አምና አልደወልሽልኝማ!» ስርጉትን ሳታስበው አመለጣት።

እቴቴ ዱካዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ስትናገር ቁጣዋ በርዷል።

«አምና መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬ ላይ የቀረችውን ቻርጅ አንች ‹ተኛሽ ወይ› ስትይ፣ እኔም ‹አልተኛሁም› ስልሽ ጨረስናት። የላይኛው መንደር ሰዎች ‹ውኃው መጣልሽ› ሊሉኝ ቢደውሉ ዝግ አላቸው። እስከ ዛሬ ያልነገርሁሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ስርጉት ድልድዩ ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ከታች፣ ከውኃው ላይ፣ ኳሱ ተናገረ። እስካሁን «አልመጣም» ከሚል ቃል በቀር ምንም ተንፍሶ አያውቅም ነበር።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አለ ኳሱ። «ውዬ የማድረው ውኃው ላይ ነው። ሲመጣ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ሽቦ አለኝ፤ ጫፉ ከርነሉ ደጃፍ ይደርሳል። ግን ሁሉም ‹መጣ ወይ› ይለኛል እንጂ ‹ሲመጣ ጥራን› ያለኝ የለም።»

ስርጉት ዓይኗን ጠርጋ ላፕቶፗን ከፈተች። ጠያቂውን «አትጠይቅ፤ ሲጠሩህ ብቻ ተነሣ» ብላ እንደገና ጻፈችው። ለከርነሉ «ኳሱ ሽቦውን ካልሳበ ቤቱን በሙሉ አስተኛ» አለችው። ለኳሱ «ሲመጣ ጥራን» አለችው። ሦስቱን ጽፋ ስትጨርስ ግን ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሁሉም ተኝቶ ውኃው ቢመጣስ? እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ፈርታ ፈርታ ተጫነችው። ከዚያ በረጅም እንጨት ኳሱን ከታች ወደ ላይ ገፋችው። ሳጥኑ ከእንቅልፉ ባንኖ ነቃ፤ ጡሩምባውም ባለው አቅም አንድ ጊዜ ጮኸ። ኳሱን ለቀቀችው። ሳጥኑ ተመልሶ ተኛ።

ስርጉት ተወች፣ ጠያቂው አቆመ፣ ከርነሉ አሰናበተ፣ ደወሉ አረፈ፣ ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፉ ውስጥ ሰጠመ፣ ባትሪው ብልጭ ያለችውን ሁሉ ፀሐይ አጠራቀመ፣ ጡሩምባው ሆዱን ሞልቶ ተዘጋጀ፣ እቴቴ ትርንጎም ዱካዋን ይዛ ቤቷ ገባች። መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይኗን ነው የከደነችው። ሁለተኛውን ለመክደን ጥቂት ቀን ፈጀባት።

ከላይ ከደብረ ታቦር በኩል ትልቅ ዝናብ የወረደ ዕለት ቀትር ላይ ነበር፤ እቴቴ ከማሳ ተመልሳ እንቅልፍ ይዟታል። ወንዙ አበጠ፣ ኳሱ ከፍ አለ። ኳሱ ከርነሉን ጠራ፣ ከርነሉ ፕሮሰሰሩን ቀሰቀሰ፣ ፕሮሰሰሩ ባትሪውን ጠየቀ፣ ባትሪው ሳይነጫነጭ ሰጠ፣ ጡሩምባው ጮኸ፣ እቴቴ ትርንጎ ብድግ አለች። ላሟን ፈታች፣ ጥጃውን ከፊት አስቀድማ ነዳች። መንደሩ በሙሉ ከብቱን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። ጎርፉ እየገሰገሰ መጣና የእቴቴን በረት ገፍትሮ ገባ። በረቱ ባዶ ነበር።

ወሬው ባሕር ዳር ለተመለሰችው ለስርጉት ሲደርስ ስልኳን አነሣች። ጣቷ የእቴቴ ስም ላይ ደረሰ። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን በእጇ ያዘች። መጠበቅ ከመጠየቅ ይከብዳል። ጠበቀች።

ስልኩ ጠራ።

«ስርጉቴ፣ ወጥተናል። ላሟም አለች፣ ጥጃውም አለ። እዚሁ ጉብታው ላይ ሰው ቤት መደብ ላይ ጋደም ልል ነው። እንግዲህ አትደውዪ።»

«አልደውልም፣ እቴቴ።»

አልደወለችም። እቴቴ ትርንጎ ሁለቱንም ዓይኗን ከደነች፤ ጥጃው ደጅ ላይ እናቱን እየጠባ ነበር፤ ተኛሽ ወይ ያላትም የለም።

ተረቴን መልሱ፤ የተኛ ሰው ካለ እንዳትቀሰቅሱ።