የዘምዘም የድቤ ተራ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ነገሩ ግን እርስ በርሱ የተቆላለፈ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ከጠፋሁ እጄን ይዛችሁ መልሱኝ።

ደሴ ውስጥ አንድ የሙስሊም ሙአለ ሕፃናት አለ። እዚያ ፊደልና ቁርኣን የሚያልቀው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ነው፤ ከሶላት በኋላ የጨዋታ ሰዓት ነው። ገሚሱ ሕፃን ሥዕል ይሥላል፣ ገሚሱ ጎመን ይተክላል፣ ገሚሱ መንዙማ ይላል። የአምስት ዓመቷ ዘምዘም ከመንዙማዎቹ ወገን ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታጨበጭብ ቆይታ፣ ዛሬ ድቤ የመምታት ተራዋ ደረሰ። ዛሬ ሊወስዷት የሚመጡት ደግሞ አያቷ አባባ ሙሔ ናቸው፤ ነገ ወደ ገጠር ይመለሳሉ። አባባ ሙሔ ዓይናቸው ደክሟል። ሥዕል ብትሥል አያዩላትም፣ ጎመን ብትተክልም አያዩላትም። ድቤ ግን ይሰሙላታል። ሳፋ ገልብጠው አመታቱን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፦ ሁለቴ መትቶ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ ሦስተኛውን።

ስለዚህ ሶላቱ እንዳበቃ ዘምዘም ከሁሉም ቀድማ ከመስገጃው ክፍል ወጣች። በሩ ላይ ከተደረደረው ጫማ መሃል እግሯን ሰካ ሰካ አደረገችና ሮጠች። ማለቴ፣ ልሮጥ አለች። እግሯ አልነሣ አላት። ጧ፣ ጧ ይላል።

«ትናንት የዘነበው ጭቃ ነው የሚጎትተኝ» አለችና እየተጎተተች ሄደች።

«ኡስታዛ፣ ድቤውን ይስጡኝ!»

የመንዙማዋ መምህርት ኡስታዛ ነጂባ ድቤውን መታ አደረገችው። ቧ አለ። «ቆዳው እርጥበት ገብቶበታል የኔ እናት። ፀሐይ ካላገኘ አይጮህም። ፀሐይ ያለው ደግሞ ደረጃው ላይ ብቻ ነው። ሂጂና ደረጃውን አስለቅቂ።»

ዘምዘም ጧ ጧ እያለች ወደ ደረጃው። ደረጃው ላይ እግር ማሳረፊያ የለም፤ ሁሉም በሥዕል ተሸፍኗል። የሥዕሉ መምህር ኡስታዝ ሸምሱ ጢማቸው ሳይቀር ቀለም ነክቶታል።

«ኡስታዝ፣ ደረጃውን ይልቀቁልኝ። ደረጃው ካልተለቀቀ ፀሐይ የለም፣ ፀሐይ ከሌለ ድቤው አይጮህም፣ ድቤው ካልጮኸ አባባ አይሰሙኝም።»

«ሥዕሉ አልደረቀማ! አሁን ባነባብረው ይጨማለቃል። ገመድ ቢኖር እሰቅለው ነበር። ገመዴን ጎመን ተካዮቹ ወስደውታል።»

ዘምዘም ጧ ጧ ወደ ጓሮ። የጎመኑ አለቃ ሙዘሚል ይባላል፤ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስድሳ ዓመት እንደሞላው ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል።

«ገመዱን ስጠኝ። ገመዱ ከሌለ ሥዕሉ አይሰቀልም፣ ሥዕሉ ካልተሰቀለ ደረጃው አይለቀቅም፣ ደረጃው ካልተለቀቀ ፀሐይ የለም፣ ፀሐይ ከሌለ ድቤው አይጮህም፣ ድቤው ካልጮኸ አባባ አይሰሙኝም።»

«ወላሂ አልሰጥም! ገመዱ የጎመናችን አጥር ነው። ከፈታሁት የዘበኛው የጋሽ ኢድሪስ ዶሮ ትገባለች። መጀመሪያ እሷ ቤቷ ትግባ።»

ዘምዘም ወደ ዶሮዋ ዞረች። «ዶሮ፣ ቤትሽ ግቢ። አንቺ ካልገባሽ ገመዱ አይፈታም፣ ገመዱ ካልተፈታ ሥዕሉ አይሰቀልም፣ ሥዕሉ ካልተሰቀለ ደረጃው አይለቀቅም፣ ደረጃው ካልተለቀቀ ፀሐይ የለም፣ ፀሐይ ከሌለ ድቤው አይጮህም፣ ድቤው ካልጮኸ አባባ አይሰሙኝም።»

ዶሮዋ አንገቷን ጠመዝመዝ አድርጋ «ቋቅ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«እሷ የምትሰማው ጋሽ ኢድሪስን ብቻ ነው» አለ ሙዘሚል። «እህል ይዘው ከፊቷ ካልሄዱ ንቅንቅ አትልም።»

ፀሐይዋ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ ከደረጃው ላይ መሸሽ ጀምራለች። ዘምዘም ጧ ጧ፣ ጧ ጧ ወደ ጋሽ ኢድሪስ። እሳቸው መስገጃው ክፍል ደጃፍ ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠው ራሳቸውን ያካሉ።

«ጋሼ! ዶሮዋ ካልደረቀች ገመዱ አይጮህም፣ ገመዱ ካልጮኸ ደረጃው እህል አይበላም፣ ሥዕሉ... አባባ ፀሐዩን...» ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጠፋብኝ» አለች።

አይዞሽ ዘምዘም፣ እኔም ልጠፋ ነበር። ኑ አብረን እንልቀመው፦ ጋሽ ኢድሪስ ካልሄዱ ዶሮዋ አትገባም፣ ዶሮዋ ካልገባች ገመዱ አይፈታም፣ ገመዱ ካልተፈታ ሥዕሉ አይሰቀልም፣ ሥዕሉ ካልተሰቀለ ደረጃው አይለቀቅም፣ ደረጃው ካልተለቀቀ ፀሐይ የለም፣ ፀሐይ ከሌለ ድቤው አይጮህም፣ ድቤው ካልጮኸ አባባ አይሰሟትም። እፎይ!

«አብሽሪ ልጄ፣ ግራ የገባሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አሉ ጋሽ ኢድሪስ። «ለዐስር ሶላት ውዱእ አድርጌ፣ እግሬን ታጥቤ ጨርሻለሁ። በባዶ እግሬ ብወርድ ታጥቦ ጭቃ መሆኔ ነው። ጫማዬ ግን የለም። ያለው ይኸው ነው።» ከጎናቸው አንድ ጥንድ ቀይ ጫማ አነሡ፤ ጥንዱ መዳፋቸው ላይ ተቀመጠ። «አውራ ጣቴ እንኳ አልገባ አለ። ወላሂ፣ ስገባ ትልቅ ነበር፤ ሰግጄ ስወጣ አንሶ ጠበቀኝ!»

«የኔም ልክ እንደዚህ ቀይ ነው» አለች ዘምዘም እያለቀሰች።

«ታዲያ ያንቺስ የት አለ?»

«እግሬ ላይ ነዋ!»

ረጅም ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ሁለቱም ወደ ታች አዩ። አርባ ሦስት ቁጥር ጥቁር የላስቲክ ጫማ፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ እግሮች።

«ጭቃው አልነበረም» አለች ዘምዘም ቀስ ብላ።

ጫማቸውን ተለዋወጡ። ከዚያማ ጋሽ ኢድሪስ እህል ይዘው ሄዱ፣ ዶሮዋ ተከትላ ገባች፣ ሙዘሚል እያጉረመረመ ገመዱን ፈታ፣ ሥዕሉ ተሰቀለ፣ ደረጃው ተለቀቀ፣ የተረፈችው ፀሐይ ድቤውን አገኘችው፣ ቆዳውም ተወጠረ።

ይኸኔ አባባ ሙሔ በዱላቸው መሬቱን እየዳበሱ በሩ ላይ ደረሱ። ኡስታዛ ነጂባ ተራው የማን እንደሆነ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት፣ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት።

ድም፣ ድም... ድም።

«ይቺ የኔዋ ናት» አሉ አባባ ሙሔ። «ትንፋሿን አውቀዋለሁ።»

ተረቴን መልሱ፤ የሰው ጫማ የያዛችሁም መልሱ።